ደርቆ የቆየ ቅጠል

ከአጥሩ ወዲያ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ሁለት ሰዎች ያወሩ ነበር። እኔ ከወዲህ፣ ከመቃብሩ ግቢ ውስጥ፣ ከነፋሱ ሸሽቼ አጥሩ ሥር ኩርምት ብያለሁ። ልጅ ነበርኩ። የብርዱ ወራት ነበር፤ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሞ ይህ አጥር ብቻ ደረቅ ቅጠሉን እንደለበሰ ነው።

"እስቲ አሁን ይኼን ሁሉ የሞተ ቅጠል ተሸክሞ ምን ይሠራል?" አለች ሴቲቱ።

"ይጠብቃላ።"

"ምኑን?"

"የሚመጣውን ነዋ።"

ሴቲቱ ሳቀች። የትምህርት ቤታችን መምህርት ሚስ ሎቭል መሆናቸውን በሳቃቸው ለየሁ። ወንዱን አላወቅሁትም። "በመጽሐፍ እኮ ስም አለው" አሉና አንድ ቃል ተናገሩ፤ ረጅምና ስስ፣ ሐር ሲቀደድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ያለው ቃል። ሰውዬው "መጽሐፉ እንዳሻው ይጥራው" አለና ሌላ ነገር ጨመረበት። የጠፋኝ ያ የጨመረው ነው። ስለ ጉልበት ነበር፤ አንድ ነገር ጉልበት ይጠይቃል ነው ያለው። ምኑ እንደሚጠይቅ ሳልሰማው ቀርቼ ይሁን ሰምቼ ሳልይዘው እንጃ፣ የማታው ደወል ጮኸና ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ይህ ከሆነ እንግዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ሚስ ሎቭልም ከዚያው አጥር ሥር አርፈዋል። እኔ የመንደራችን የዊስተንሃም ደወል ደዋይ ሆኛለሁ። በሥራ ቀን ወተት በመኪና አመላልሳለሁ፤ ማታ ማታና እሁድ እሁድ ገመድ እስባለሁ። ከትምህርት ቤት ቶሎ ስለወጣሁ የማውቀው ሁሉ ከሰው አፍ የለቀምኩት ነው። ደወል የሚደውል ሰው ደግሞ ከመናገር መስማት ይቀለዋል።

አጥሩ የቢች ዛፍ አጥር ነው። ጆብ ፓርጂተር የሚባል የመቃብሩ ጠባቂ ተከለው፤ ሲሞት መቀሱን ልጁ ሄስተር ወረሰችው። አጥሩ ከሰው ትከሻ ከፍ ይላል፤ ጎኑ እንደ ግድግዳ የተስተካከለ ነው። ጆብ አጥሩን የሚከረክመው በበርተሎሜዎስ ዕለት፣ በኦገስት ማለቂያ ነበር፤ ሄስተርም ቀኑን አዛንፋ አታውቅም። ሌላው ሰው ልደቱን እንደሚያከብር እሷ ያን ቀን ታከብራለች። የአባቷን የቆዳ ጓንት ታጠልቃለች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ትጀምራለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥግ ላይ ካለው የድንበር ድንጋይ ትደርሳለች። አላገባችም። ልጅ የላትም። "ሄስተር ማናት?" ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ፣ የመንደሩ ሰው በእጁ የሚያሳየው አጥሩን ነው።

አንድ ዓመት ግን ከፋሲካ በኋላ ዝናብ የሚባል ጠፋ። ሣሩ ገለባ ሆነ፤ ኩሬው ተሰነጣጠቀ። በርተሎሜዎስ ሲደርስ፣ እኔ የወተት መኪናዬን አቁሜ ስወርድ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ዶርከስ በመስኮት ብቅ ብላ ስትጮህ ሰማሁ።

"ሄስተር! ዛሬስ ተይው! ድንጋዩ ላይ እንቁላል ይጠበሳል እኮ!"

"በርተሎሜዎስ ዛሬ ነው፣ ዶርከስ። ነገ አይደለም።"

"እሱ ቅዱስ ነው፤ ይታገሥሻል!"

ሄስተር መቀሷን ከፈተች። በጠራራው ፀሐይ ጎኑንም ጫፉንም ገፍፋ ጨረሰችው። በጥላ ሲኖር የከረመው የውስጥ ቅጠል ፀሐይ አገኘውና ተቃጠለ። የመከር ምስጋናችን ሳይደርስ አጥሩ ከዳር እስከ ዳር የዳቦ ቅርፊት መስሎ ነበር።

ይህ አጥር በየዓመቱ ቡናማ ይሆናል፤ ያንን እኛም እናውቃለን። ግን የሚሆነው ብርዱ ሲገባ ነው። በሙቀት፣ ገና ሌላው ዛፍ አረንጓዴ ሳለ፣ እንዲህ ሆኖ አይተን አናውቅም። በሱቁም በመጠጥ ቤቱም ወሬው አንድ ሆነ፤ ሄስተር አጥሩን ገደለችው። ፊቷ ላይ ማንም አላለም። እኛ አገር ሰው ፊት ላይ አንልም። እሷ ስትገባ ስለ አየሩ ማውራት እንጀምራለን፤ እሷም ያን ታውቃለች።

የምክር ቤታችን ሊቀ መንበር ኦብሪ ነው፤ የዶርከስ ባል። የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። መንደራችን ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን እስካሁን "አዲሱ ሰውዬ" ነው የምንለው። ክፉ አይደለም። ባቡር አምልጦት አያውቅም፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ መጠበቅ አይችልም። የጽዱ መንደር ዋንጫን ጎረቤታችን ኔዘርኮት ሁለት ዓመት በተከታታይ ስለወሰደችብን እንቅልፍ አጥቷል። ዳኞቹ ጁን ላይ ይመጣሉ። አንደኛ የሚያዩት ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ነው።

ስለዚህ ፌብሩዋሪ ላይ አዳራሹ ተሰበሰብን። ኦብሪ ተነሥቶ መነጽሩን አስተካከለ።

"ማንንም ለመውቀስ አይደለም" አለ። እንዲህ ከተባለ ማን ሊወቀስ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። "አጥሩ ሞቷል። የምናስነቅለው ከሆነ ወፎች ጎጆ ሳይሠሩበት አሁኑኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉ እስከ ሴፕቴምበር አያስነካንም። ጥሩ የእንጨት አጥር ተገኝቷል። ቀለሙም ደስ ይላል።"

"ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?" አለ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ፐርሲ።

"አረንጓዴ።"

"እሱስ ደስ ይላል" አለ ፐርሲ፤ ሰው ሳል እያስመሰለ ሳቀ።

ከአውራጃው የመጣ፣ ስለ ዛፍ የሚያማክር ሰው ነበር። ጠዋት አጥሩን ከዳር ዳር እየዞረ ቅርፊቱን በጩቤ ፋቅ ፋቅ ሲያደርግ አይተነዋል። አንዱ ጋ አረንጓዴ ወጣለት፤ ሌላው ጋ ደረቅ ትንባሆ የመሰለ ነገር።

"ቁርጡን ንገረን" አለው ኦብሪ።

"ቁርጡን የሚያውቀው ሜይ ነው" አለ ሰውዬው። "ይህ ዛፍ ጤነኛም ሆኖ ብርዱን ሙሉ ቅጠሉን አይጥልም። ሞቶም ከሆነ አይጥልም። በዓይን አይለይም። የጤናው ሲሆን 'ማርሴሰንት' እንለዋለን።"

ከወንበሬ ቀና አልኩ። በልጅነቴ የሰማሁት፣ ሐር ሲቀደድ የመሰለኝ ያ ቃል ነበር፤ ከአርባ ዓመት በላይ ስጠብቀው የኖርኩት።

"በሰው ቋንቋ ስትለው?" አለ ኦብሪ።

"ደርቆ፣ ግን ከቦታው አልነቃነቅ ያለ ቅጠል ማለት ነው።"

"እኔ ቤት አንድ አለ" አለች ዶርከስ ከሻይ ማፍያው ጀርባ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኦብሪ ራሱ ሊስቅ ጀምሮ ሊቀ መንበር መሆኑ ትዝ ሲለው ተወው።

ሄስተር ተነሣች። ሳቁ ቀጥ አለ።

"ገድዬው እንደሆነ አላውቅም" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "ቀኑን መተው ነበረብኝ፤ አልተውኩም። ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነው። ግን ቁርጡን ሳላውቅ አትንቀሉት። እስከ ሜይ፣ እስከ ምህላ እሁድ ስጡኝ።"

"ሄስተር፣ እስከ ምህላ ቆየ ማለት ዳኞቹ ሲመጡም አለ ማለት ነው።"

"ካልለመለመ መቀሱንና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስረክባለሁ። ሁለተኛ አልነካውም። ዳኞቹ ሲመጡም በሩ ላይ ቆሜ 'ያደረቅሁት እኔ ነኝ፣ መንደሩን አትቅጡ' እላቸዋለሁ።"

መቀሱን አስረክባለሁ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ከኋላ ፐርሲ "ቢለመልምስ? ኦብሪ የሚያስረክበው ምንድን ነው?" አለ።

"መቀመጫውን!" አለ ሌላ ሰው።

እኛ ዘንድ በምህላ እሁድ ሕዝቡ ከጸሎት በኋላ የመንደሩን ድንበር በእግሩ ይዞራል። ቅርፊቱ የተላጠ የዊሎው ዛፍ በትር ይዘን የድንበሩን ድንጋይ ሁሉ እንመታለን። መጨረሻው ድንጋይ ላይ፣ ማለት አጥሩ ጥግ ያለው ላይ፣ አንድ ሰው በእጁና በእግሩ ተይዞ ይነሣና መቀመጫው ከድንጋዩ ጋር ይላተማል። ድንበሩን እንዳይረሳ ነው። እዚህ የተወለደ ሁሉ ተላትሟል። ኦብሪ ግን በየዓመቱ ምክንያት አያጣም፤ አንድ ጊዜ ወገቡ፣ አንድ ጊዜ ሱሪው።

"በዚህ አልስማማም" አለ ኦብሪ ጆሮው ቀልቶ። "ይኼ አጀንዳ አይደለም። ጉዳዩ የአጥሩ ነው፤ እጅ እናውጣ።"

እጅ ወጣ። ሄስተር በአንድ እጅ በለጠች። ኦብሪ የመጨረሻዋን እጅ ባለቤት ለማየት ዘወር ሲል ዶርከስ ክንዷን እንደ ባንዲራ ቀጥ አድርጋ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ቃሉ መንደሩን ወረሰው። እኔ በመዝገበ ቃላት ፈልጌ አገኘሁት፤ ከላቲን የመጣ ነው፣ ሥሩ መጠውለግ ማለት ነው ይላል። የመንደሩ ሰው ግን መዝገበ ቃላት አላስፈለገውም። መጠጥ ቤት ስትገባ "እንዴት ነህ?" ቢሉህ "ማርሴሰንት" ነው መልሱ። ከአልጋው አልነሣም ያለ ልጅ ማርሴሰንት ነው። ሱቁ ውስጥ ሳይሸጥ የከረመው የስጋ ኬክ ማርሴሰንት ነው። ሊሰናበት ብድግ ብሎ በር ላይ ቆሞ ወሬ የሚቀጥል እንግዳም እንደዚያው። ሄስተር ብቻ ቃሉን አንድም ቀን አላለችውም።

ማርች አለፈ። እሾሃማው ቁጥቋጦ ለመለመ። ወንዙ ዳር ያለው ዊሎው አረንጓዴ ጭስ የመሰለ ነገር ለበሰ። አጥሩ እንደዚያው ቡናማ ነው፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ሄስተር በመንገዱ ማለፍ ተወች። ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው በእርሻው ዞራ፣ በጎን በር ነው፤ ጫማዋ በጭቃ ይመጣል። አንድ እሁድ "በመንገዱ ቢሆን አይቀርብሽም?" አልኳት።

"ዓይኔን አላምነውም፣ ክሌም። አንድ ቀን የለመለመ ይመስለኛል፣ ቀርቤ ሳየው ጉንዳን ነው።"

ደወል ከመሳቤ በፊት አጭር ጸሎት አለኝ። በእነዚያ ሳምንታት ስለ አጥሩ አልጸለይኩም፤ ስለ እሷ ብቻ ጸለይኩ። የሚያስፈልጋትን አምላክ ያውቃል ብዬ።

ኤፕሪል ሊያልቅ ሲል ሌሊቱን ነፋስ ነፈሰ። ጠዋት የወተት መኪናዬን ይዤ ስደርስ መንገዱ በሙሉ በቡናማ ቅጠል ተሸፍኗል። አጥሩ ከበሩ ጥግ በቀር ተራቁቶ አጥንቱ ቀርቷል፤ በእሱ ውስጥ የመቃብር ድንጋዮቹ ይታያሉ። ኦብሪ በመጥረጊያ ቅጠሉን እየሰበሰበ ነበር። እኔን ሲያይ ቆመ።

"አለቀ፣ ክሌም። የሙጥኝ ያለውን እንኳ ለቀቀው።" ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። "እውነቴን ነው፣ መሸነፍ ነበር የፈለግሁት። ማን ይነግራታል?"

"ታውቃለች" አለች ዶርከስ ከበሯ ላይ። "ጎህ ሲቀድ መጥታ አየችና ተመለሰች።"

ቀኑን ሙሉ ወተት ሳወርድ ልቤ ከባድ ነበር። ወደ ማታ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ወደ ደወል ቤቱ ገባሁ። ገመዱን ያዝኩ፣ ሳብኩት። ደወል ስትደውል ከመሳቡ ይልቅ የሚከብደው መልቀቁ ነው፤ ገመዱን በሰዓቱ ካልለቀቅኸው ይዞህ ይወጣል። ለመልቀቅ ክንድ ያስፈልጋል። ይህን በልቤ እያልኩ የመጀመሪያው ድምፅ ከላይ ወረደ፤ ያኔ በልጅነቴ ያቋረጠኝ ያው ደወል። ያቋረጠውን ራሱ መለሰልኝ። የሰውዬው ድምፅ ከነጎርናናነቱ መጣ።

"መጽሐፉ እንዳሻው ይጥራው። ለመጣልም ጉልበት ይጠይቃል። የሞተ ቅርንጫፍ አይጥልም፤ የምን ጉልበት አለው? የጣለ ዕለት ነው ደስ የሚለኝ።"

ደወሉን እንደምንም አስታግሼ ወጣሁ። የሮጥኩት ያኔ በልጅነቴ እንደሮጥኩት ነው።

ሄስተር በሯን ከፍታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። መቀሱን ዘይት ቀብታ በማዳበሪያ ጆንያ እየጠቀለለችው ነበር። ቁልፉ አጠገቡ ተቀምጧል።

"ለኦብሪ ልትሰጥልኝ መጣህ?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"አልመጣሁም። ስሚኝ።" ነገርኳት። ነፋሱን፣ የሚስ ሎቭልን ሳቅ፣ ቃሉን፣ ከዚያ የሰውዬውን ንግግር እንደሰማሁት።

እጇ ጆንያው ላይ ቆመ። "እንዴት ነው ያለው? እንደገና በለው።"

"መጽሐፉ እንዳሻው ይጥራው፣ ነው ያለው።"

"አባቴ ነው" አለች። "እንደዚያ የሚል ሌላ ሰው አልነበረም። ሐኪሙንም እንደዚያ ነው ያለው።" ጆንያውን ገፋ አደረገችው። "ለእኔ እኮ እንዲህ አውርቶልኝ አያውቅም። 'ቁረጪ'፣ 'አትቁረጪ'፤ በቃ። ይህን ሁሉ ለሚስ ሎቭል ይናገር ነበር?"

"አሁን ለአንቺ ተናገረው።"

ተነሣች። ኮቷን ሳትለብስ፣ የአባቷን ጓንት ብቻ ይዛ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። በእርሻው አልዞረችም፤ በመንገዱ ሄደች።

ከበሩ አጠገብ ያሉት ሁለት ዛፎች ቅጠላቸውን እንደያዙ ነበሩ። አንዱን ቅጠል ይዛ ሳበችው፤ ተቀደደ እንጂ ከግንዱ አልተላቀቀም። "እነዚህ ሞተዋል" አለች። ወደ ሦስተኛው አለፈች። የቀረችውን አንዲት ቅጠል ገና በጣቷ ጫፍ ስትነካት ወደቀች። ቅጠሏ ከነበረችበት በላይ ያለው እምቡጥ፣ እንደ ተሳለ እርሳስ የሾለው፣ ወፍሮ ቅርፊቱን ሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ እንደ ማራገቢያ የተጣጠፈ፣ ዳሩ ላይ ሐር የመሰለ ጸጉር ያለው አረንጓዴ ነገር ይታያል። ጉንዳን አልነበረም።

አንድ በአንድ እየነካች እስከ ጥጉ ድረስ ሄደች። የድንበሩ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ተቀመጠችበትና ፊቷን በአባቷ ጓንት ሸፈነች። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሬ ቆምኩ። ከልቤ አመሰገንኩ።

በምህላ እሁድ መንደሩ በሙሉ ወጣ። ከኔዘርኮት እንኳ ሊያዩ የመጡ ነበሩ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስለነበር አጥሩ ታጥቦ፣ በሩ አጠገብ ካሉት ከሁለቱ በቀር ከዳር እስከ ዳር ስስ አዲስ አረንጓዴ ለብሶ፣ ፀሐይ በውስጡ እያለፈች መንገዱንም የሰዉንም ፊት አረንጓዴ ታደርገዋለች። ከጸሎት በኋላ በትራችንን ይዘን ወጣን፤ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ የፐርሲን የኋላ በር ሳይቀር መታን። ሄስተር የአባቷን ጓንት አድርጋ ከፊት ትሄዳለች። ለእሷ ቦታ የለቀቀ ሰው የለም፤ ራሷ ያዘችው። የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ስንደርስ ዘወር ብላ ቆመች።

"በሩ አጠገብ ያሉትን ሁለቱን ገድያለሁ" አለች ጮክ ብላ። "ሁላችሁም እንድትሰሙ ነው። ኖቬምበር ላይ ሌላ እተክላለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ፀሐይ ከበረታ በርተሎሜዎስ ይታገሠኛል።"

"ብዬሽ ነበር!" አለች ዶርከስ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ቶሎ አልቆመም። ፐርሲ በትሩን ወደ ላይ ወረወረው።

ከዚያ ሁሉም ዓይን ወደ ኦብሪ ዞረ።

"አንድ ጊዜ" አለ ኦብሪ። "ሁለቱ እንደደረቁ ሄስተር ራሷ አምናለች። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ለመለመ ለማለት..."

"ሁለቱን ለእኛ ተውልን፣ አዲሱ ሰውዬ!"

"ወገቤን ያመኛል።"

"ወገብህን አንነካም፤ ዝቅ ያለ ነው ጉዳያችን!"

"ሱሪው አዲስ ነው።"

"አሮጌ ነው" አለች ዶርከስ። "እኔ ነኝ የጣፍኩት።"

ኦብሪ ሳቁ እስኪያልፍ ቆመ። አጥሩን አየ፤ አንድ አዲስ ቅጠል በሁለት ጣቱ ያዘና ሐሩን ዳበሰው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት፣ የኪስ ሰዓቱን ለእኔ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ አዲሱ ሰውዬ ነኝ" አለ። "ከዚህ በኋላ ይቀራል?"

"ይቀራል" አለች ሄስተር።

"እንግዲያው ግራ እግሬን አንቺ ያዥው፤ ፐርሲን አላምነውም" አለና ክንዱን ዘረጋ። "እሺ፤ አንሡኝ።"